የልጃገረዶች የአመራር ሥልጠና በደሴና በኮምቦልቻ፦ ቅዳሜዋን የሚመጥነው የትኛው ነው?

ደሴ ላይ ልጁን የአመራር ሥልጠና ላስገባ የሚል ወላጅ አማራጭ አያጣም። ትምህርት ቤቱ ክበብ አለው፤ የሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት በዓል ሲደርስ መድረክ ያዘጋጃል፤ የረድኤት ድርጅቶች አዳራሽ ተከራይተው ያሠለጥናሉ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃገረዶችን ሰብስበው ያለማምዳሉ። ኮምቦልቻም እንዲሁ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የሚከፈለው የልጅቷ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ልብስ የሚታጠብበት፣ ገበያ የሚወጣበት፣ ለፈተና የሚጠናበት ቀን ነውና ርካሽ አይደለም።

እዚህ የምንመዝነው ሦስቱን የተለመዱ ዓይነቶች ነው፦ የሁለት ቀኑን የአዳራሽ ሥልጠና፣ የትምህርት ቤቱን ክበብ ከተማሪዎች ፓርላማ ጋር፣ እና ልጃገረዶቹ ራሳቸው እንደ ምክር ቤት ሆነው የሚሰበሰቡበትን ሳምንታዊ የምክር ቤት ልምምድ። የአዘጋጅ ስም አንጠራም። አንዱ አዘጋጅ ዘንድሮ አሳምሮ ሠርቶ በሚቀጥለው ዙር ሲያበላሽ ይታያልና ባነሩ ላይ ያለው ዓርማ ብዙ አይነግርም፤ የሚነግረው መርሐ ግብሩ ነው።

መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ሥልጠናውን ስትጨርስ አጀንዳ ማስያዝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገቢ ማስደረግና የበጀት ሠንጠረዥ ማንበብ ትችላለች ወይ? ድፍረትና ንግግር ማሳመር ከዝርዝሩ የወጡት ተረስተው አይደለም። ወሎ ውስጥ ሴት ልጅ ድፍረትን ከአዳራሽ አትማርም። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ አስጠግተው ያሳለፏቸው የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው፤ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሮ ሳለ፣ ውሳኔው ምን እንደሚያስከፍል እያወቁ ወሰኑ፤ ልጃቸውንም አጡበት። ወደ ዛሬው ሠፈር ብንመለስም ዱበርቲዎች፣ በዱዓና በምርቃት የሚታወቁት እናቶች፣ ሲመርቁ ጆሮ የማይሰጥ የለም፤ የሴቶች ቅሬ (የወሎ ዕድር) ባለበት ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሒሳብ ይወራረዳል። ልጃገረዶቹ ያላዩት የመንግሥት ቤት ሥራ በምን መንገድ እንደሚሄድ ነው። ስብሰባ ላይ ጥሩ የተናገረ ይጨበጨብለታል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ጉዳይ ግን ይፈጸማል፣ ባይፈጸም እንኳ ለምን ተብሎ ይጠየቅበታል።

ሕጉ በሩን ከፍቶ አስቀምጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በልማት ፖሊሲ ዕቅድና በፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል፤ አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም በዕድሜውና በብስለቱ መጠን ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። ለመምረጥ 18 ዓመት ይበቃል፤ ለመወዳደር በምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 መሠረት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። እንግዲህ የ15 ዓመት ልጅ ለድምፅ ሦስት፣ ለዕጩነት ስድስት ዓመት ይቀራታል። «ነገ ሚኒስትር ትሆኛለሽ» ብሎ የሚያበቃ ሥልጠና እነዚህን ስድስት ዓመታት ባዶ ይተዋቸዋል። በጥቅምት 2011 የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆነው ነበር፣ ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴም በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሰይመው ነበር፤ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ ከ40 በመቶ በላይ ደርሷል። ይህን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደግ ነው፤ የቀበሌው መዝገብ ቤት በየትኛው በር እንደሚገባ ግን አያሳይም።

ከአዳራሹ እንጀምር። ሁሉም ያውቀዋል፦ ባነር፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ፓወርፖይንት፣ ፍሊፕ ቻርት፣ ሻይ ቡና፣ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ። ጥቅም የለውም አንልም። ከሆጤ፣ ከሸዋ በር፣ ከገራዶ የመጡ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ጥቃት ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ ሲገጥም ለማን አቤት እንደሚባል በአንድ ቀን ማስጨበጥ ይቻላል። ለመረጃ ያህል ይበቃል። ለአመራር ግን ሒሳቡ አልመጣ ይላል። ሁለት ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ነው። ጥሪው ለ3 ሰዓት ተብሎ 4 ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግሩ፣ ሻዩና ምሳው ሲቀነሱ 7 ሰዓት ከተረፈ መልካም ነው። ተሳታፊው 60 ከሆነ ለአንዷ ልጅ 7 ደቂቃ ይደርሳታል፤ ያውም አሠልጣኙ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

የቡድን ሥራው ሌላው ጣጣ ነው። ስምንት ልጆች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ማርከሩ ለደፋሯ ልጅ ይሰጣታል፤ ሁለቱንም ቀን የምታቀርበው እሷው ናት፣ ሰባቱ ያጨበጭባሉ። አሠልጣኙ በእያንዳንዱ ዙር አቅራቢዋ እንድትቀየር ካላዘዘ ሥልጠናው ቀድሞም የምትናገረዋን ይበልጥ አናግሮ ይለቃታል። መጨረሻ ላይ የአቋም መግለጫ ይነበባል። እሱን በጥሞና ስሙት፤ «ለሴቶች ትኩረት ይሰጥ ዘንድ እንጠይቃለን» የሚል ከሆነ ለማን እንደተጻፈ፣ ማን እንደሚረከበውና እስከ መቼ መልስ እንደሚጠበቅ የለበትም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሥልጠናው በፊት የተዘጋጀ ነው፤ ልጅቷ አንባቢ ብቻ ናት። ውሃ ወቀጣ ነው።

የቀን መቁጠሪያውም አያግዝ። መድረኮቹ ጥቅምት 1 በሚከበረው የልጃገረዶች ቀን፣ ከኅዳር 16 በሚጀምረው የጸረ ጾታዊ ጥቃት ዘመቻ፣ የካቲት 29 በሚውለው የሴቶች ቀንና ሰኔ 9 በሚውለው የአፍሪካ ሕጻናት ቀን ዙሪያ ይታጨቃሉ። ሰኔ ላይ በጀት መዝጊያም ስለሚደርስ ያልተነካ የሥልጠና ገንዘብ ያለው ሁሉ አዳራሽ ፍለጋ ይሮጣል። ሰኔ ግን ለተማሪ የፈተና ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና ለመጪው ዓመት ጥያቄ ለማስገባትም ዘግይቷል። በእኛ ግምት ለአዳራሹ ዓይነት ከ10 ላይ 4፤ መክፈቻው ከ15 ደቂቃ፣ ተሳታፊው ከ30 ካላለፈ 6።

የትምህርት ቤቱ ክበብና የተማሪዎች ፓርላማ ትልቁ ብርታታቸው ዓመቱን ሙሉ እዚያው መሆናቸው ነው። ሚኒ ሚዲያው አለ፣ ወላጆች የሚገኙበት ኅብረት አለ፣ የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ አለ። ዕቅዱ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና የማኅበረሰብ ተሳትፎ በሚሉ አራት ርእሶች የተከፈለ ነው፤ የመጸዳጃና የውሃ ጉዳይ በሁለተኛው ሥር ይገባል። ከ10ኛ ክፍል በላይ ያለች ልጅ ሰነዱን አንብባ መረዳት አያቅታትም፤ ይሁንና ከርእሰ መምህሩ ቁም ሳጥን ወጥቶ የሚነበብበት ክበብ ጥቂት ነው።

የሚበላሽበት ቦታ ምርጫው ላይ ነው። መምህሩ ከየክፍሉ አንደኛ የወጣችውን ይጠቁማል፣ ተማሪው እጅ ያወጣል፣ አለቀ። ውጤቱ ሲታይ ፕሬዚዳንቱ ወንድ፣ ምክትሏ ሴት፣ ጸሐፊዋ ሴት ናት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በድምፅ ተደግፎ መጣ ማለት ነው። ጸሐፊነቱን በተመለከተ ግን ብዙዎች ከሚሉት እንለያለን። «እጅ ጽሑፏ ስለሚያምር» ተብሎ የተሰጣት ቦታ እንደ ማነስ ይቆጠራል፤ ነገር ግን አጀንዳውን የምታረቅቀው፣ የትኛው ሐሳብ በየትኛው ቃል እንደሚሰፍር የምትወስነው ጸሐፊዋ ናት። ቦታውን አትጣሉት። በየወሩ ይዙር፣ ወንዶቹም ይጻፉ፣ ሰብሳቢነቱም እንዲሁ ይዙር።

ሁለተኛው ብልሽት ፓርላማው ወደ ዘብ ጠባቂነት መውረዱ ነው። አርፋጅ መመዝገብ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰ መያዝ፣ ሰልፍ ማስተካከል የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ ይህን ሲሠራ የከረመ የተማሪ ምክር ቤት ተማሪው ይጠላዋል እንጂ ጥያቄ ይዞ አይመጣለትም። ትምህርት ቤቱን ስትጠይቁ «ባለፈው ሴሚስተር ፓርላማው ከአስተዳደሩ ምን ጠየቀ? ምን ተመለሰለት?» በሉ። መልሱ ስለ ቅጣት ከሆነ ገባችሁ። ነጥባችን 6 ነው፤ አስተባባሪዋ መምህርት ለክበቡ ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜዋ የሚቀነስላት ከሆነ 7።

ሳምንታዊው የምክር ቤት ልምምድ በሁለቱም ከተሞች ብርቅ ነው፤ ሲገኝ ግን ሌላውን ትቶ መመዝገብ ያዋጣል። ጥሩው ዓይነት ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ከ20 እስከ 24 ልጃገረዶችን ይዞ ለስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ከዚህ ከበዛ ተራ አይደርስም፤ ከ16 ካነሰ ደግሞ ሦስት ልጅ በቀረች ቀን ምክር ቤት መሆኑ ይቀራል።

መጀመሪያ የሚሠራው ቆጠራ ነው፤ ንግግር አይደለም። ልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ትምህርት ቤታቸውን ወይም ሠፈራቸውን ይዞራሉ፦ ስንት የሴት መጸዳጃ መቀመጫ አለ፣ ስንቱ በር መቀርቀሪያ አለው፣ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ውሃ ያመጣል፣ ከትምህርት ቤት እስከ ዋናው መንገድ ስንት የመብራት ምሰሶ አለ፣ ስንቱ ይበራል። ቁጥሩ መለኪያ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች 1 መቀመጫ ይላል፤ 600 ሴት ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 24 ያስፈልገዋል ማለት ነው። ያለው 6 ቢሆን 100 ልጅ በአንድ መቀመጫ ይደርሳል። «መጸዳጃ ቤታችን ችግር አለበት» ከሚል ዓረፍተ ነገርና ከዚህ ቁጥር የትኛው ሰብሳቢን ቀና እንደሚያደርግ ልጆቹ ራሳቸው ወዲያው ይለዩታል።

ቀጥሎ ጉዳዩ የማን ጠረጴዛ እንደሆነ መለየት ይመጣል፤ ብዙ ጥያቄ የሚሞተው እዚህ ነው። መቀርቀሪያ ማስገጠም፣ የተሰበረ በር መጠገን ከዕቃና አገልግሎት ወጪ ነው፤ በመንግሥት ሒሳብ አመዳደብ በ6200ዎቹ ሥር ይገባል፣ ትምህርት ቤቱም ከውስጥ ገቢው ሊጨርሰው ይችላል። አዲስ መጸዳጃ ብሎክ መገንባት ግን ቋሚ ንብረትና ግንባታ ነው፤ 6300ዎቹ ውስጥ ነው፣ የካፒታል በጀት ይጠይቃል፣ ምክር ቤት ማጽደቅ አለበት። ደመወዝ 6100ዎቹ ላይ ነውና «የሴት አማካሪ መምህርት ይቀጠርልን» የሚል ጥያቄ ደግሞ ሌላ በር አለው። ርእሰ መምህሩን ብሎክ ሥራልን ማለት፣ ከንቲባውን መቀርቀሪያ ግጠምልን ማለት ሁለቱም ጨዋ ፈገግታና «እናየዋለን» ያስገኛሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም።

የበጀት ሠንጠረዡን ለማስነበብ አራት ዓምድ ይበቃል፦ የታቀደ፣ የጸደቀ፣ ወጪ የሆነ፣ ቀሪ። ጎበዝ አሠልጣኝ የፈጠራ ሠንጠረዥ ሠርቶ «ስድስተኛው ወር ላይ ነን፤ ከጥገና መደቡ ምን ያህል አልተነካም?» ብሎ ይጠይቃል። ቀሪውን ያገኘች ልጅ ጥያቄዋ ይለወጣል። «ገንዘብ ይመደብልን» ማለቷን ትታ «ከተመደበው ላይ ያልወጣው ለዚህ ይዋልልን» ትላለች። እውነተኛውን ሠንጠረዥ ለማግኘት የመረጃ ነጻነት ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለጽሑፍ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ የመንግሥት አካላትን ያስገድዳል።

ደብዳቤው ላይ እንቆይ፤ ሥልጠናው ከሌላው የሚለየው እዚህ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ዋናው ሐሳብ፣ የጠያቂዎች ስምና ፊርማ፣ ግልባጭ። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» የሚለው ርእስ የደሴንም የኮምቦልቻንም መዝገብ ቤት የሞላ ነው፤ ምን እንደተጠየቀ ለማወቅ ደብዳቤው መከፈት አለበት፣ ብዙውን ጊዜም አይከፈትም። «ጉዳዩ፦ በ6 የሴቶች መጸዳጃ በሮች ላይ መቀርቀሪያ ስለማስገጠም» ተብሎ ሲጻፍ ርእሱ ራሱ ደብዳቤ ነው። ለአንድ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ነው። መብራትና ውሃ አንድ ላይ ከተጻፉ ደብዳቤው ለሁለት ክፍል መመራት ስላለበት ለማንም ሳይመራ ይከርማል።

ከዚያ ማስገባቱ አለ። ሁለት ቅጂ ይያዛል፤ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለልጆቹ። መዝገብ ቤት ሄዶ ገቢ ማስደረግ፣ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በራስ ቅጂ ላይ ማስጻፍ ግድ ነው። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣት፣ ወይም ኮሪደር ላይ «ስጪኝ፣ እኔ አደርስልሻለሁ» ላለ ሰው መስጠት ደብዳቤውን ጎርፍ ላይ እንደመጣል ነው። በሳምንቱ ሲኬድ የሚጠየቀው «ምን ደረሰ?» ሳይሆን «የገቢ ቁጥሩ ይህ ነው፤ ለማን ተመራ?» ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ነገ ተመለሺ» ያስመልሳል፤ ሁለተኛው መዝገብ ያስገልጣል። ጠያቂዎቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ የትምህርት ቤቱ ሸኚ ደብዳቤ አብሮ ቢገባ መንገዱ ይቀላል፤ ሸኚውን ለማግኘት ከአንድ ሳምንት በፊት መጠየቅ ይገባል። ጊዜውስ? የመጪው ዓመት ዕቅድና በጀት የሚሰናዳው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነውና የካፒታል ጥያቄ ያለው ዙር ከጥር ባይዘገይ ይሻላል።

የምክር ቤቱ ልምምድ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል። 21 ወንበር ይደረደራል። ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ስብሰባ ለመጀመር መገኘት ያለበት ቁጥር፣ 11 ነው። ብልህ አሠልጣኝ የመጀመሪያውን ቀን 10 ልጆች ብቻ አስቀምጦ ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ትጀምር እንደሆነ ያያል፤ ሁሌም ማለት ይቻላል ትጀምራለች፣ ከዚያ ውሳኔው በሙሉ ይሰረዝባታል። ሁለተኛ አይረሳትም። የድምፅ ቆጠራውም እንዲህ በወጥመድ ይለመዳል፦ 9 ድጋፍ፣ 7 ተቃውሞ፣ 5 ድምፀ ተአቅቦ። ጸደቀ ወይስ አልጸደቀም? ደንቡ «ከተገኙት አባላት አብላጫ» ካለ 11 ያስፈልግ ነበርና ወድቋል፤ «ድምፅ ከሰጡት» ካለ አልፏል። ደንቡ ከድምፁ በፊት ካልተነበበ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ብሎ ይወጣል፤ ይህ በልጆች ብቻ የሚደርስ አይደለም።

ለአንድ ተናጋሪ 3 ደቂቃ በስልክ ሰዓት ይያዛል፣ ደወል ይደወላል። ማቋረጥን መልመድ አለባቸው፤ እውነተኛው ስብሰባ ሦስት ዓይነት ያመጣልና። ሳቅ ሲነሳ ዝም ብሎ መጠበቅና ከተቋረጡበት ቃል መቀጠል። አንድ አባት «የኔ ልጅ፣ ይሄ የትልልቅ ሰው ጉዳይ ነው» ሲሉ አለመጨቃጨቅ፦ «አባባ፣ ምርቃትዎ አይለየኝ፤ ጉዳዩ ግን ከአጀንዳው ተራ ቁጥር 3 ላይ ተይዟል፣ ሐሳቤን ልጨርስ።» አክብሮቱም አጀንዳውም በአንድ ትንፋሽ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ልጅቷ ያነሳችውን ሐሳብ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ሲያቀርበው ነው። መልሱ፦ «ቀደም ሲል ያነሳሁትን ስለደገፉልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚሁ ይመዝገብልኝ።» ይመዝገብልኝ የሚለው ቃል ሥልጠናው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ቁጠሩ። በድምፅ ስትሸነፍ «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ማለትም እዚሁ ይለመዳል።

ወንዶች ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ሁሌ ያከራክራል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ሴቶች ብቻ፣ ከዚያ ለምክር ቤቱ ልምምድ ከ6 እስከ 8 ወንዶች ጨምሮ መሥራት ይሻላል እንላለን። የቀበሌው ስብሰባ ድብልቅ ነውና እስከ መጨረሻው ብቻቸውን ከለመዱ እዚያ ሲደርሱ እንደገና ጀማሪ ይሆናሉ።

ቃለ ጉባኤው ቀን፣ ቦታ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የተገኙና የቀሩ፣ አጀንዳ፣ የተነሱ ሐሳቦች፣ ውሳኔ፣ ፈጻሚ፣ የጊዜ ገደብ፣ ፊርማ ይኖረዋል። «ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ» የሚለውን ሐረግ ከልክሉ፤ ምን ተባለ፣ ምን ተወሰነ የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች የሚውጥ ዳዋ ነው። ፈጻሚ ስም ከሌለው ውሳኔ አልተወሰነም። መዝገቡ ደረቅ ልባስ ያለው ሆኖ ገጾቹ ከመጀመሪያው ቀን በቁጥር መታተም አለባቸው፤ የተቀደደ ገጽ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሌላው ዕቃ ቀላል ነው፦ ቀዳዳ የተበጀለት ካርቶን ለድምፅ ሣጥን፣ ደወል፣ ስልክ።

በሰባተኛው ሳምንት ገደማ እውነተኛ የቀበሌ ወይም የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ገብተው ቢያዩ መልካም ነው። በቃል ግብዣ ላይ መተማመን አይገባም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በደብዳቤ ይጠየቅ፣ ከመሄዳቸው በፊት አጀንዳው ይገኝ፣ እያንዳንዷ ልጅ አንድ አጀንዳ ብቻ ተከታትላ ማን እንደተናገረና ምን እንደተወሰነ ትጻፍ። ሁሉን ስሚ የተባለች ልጅ አንዱንም ሳትሰማ ትወጣለች።

ይህ ዓይነት 8 ያገኛል፤ ሁለቱን ነጥብ የሚያሳጣው መንጠባጠቡ ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ ወንበር መጉደል ይጀምራል፤ የስንፍና ጉዳይ ደግሞ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ለአንዷ መድረሳ ነው፣ ለሌላዋ የገበያ ቀን፣ ለሦስተኛዋ የውሃ ወረፋ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴና ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። ሰዓቱን አዘጋጁ ለብቻው ወስኖ ከለጠፈው እንደሚጎድል እወቁ፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ ሁለት ሰዓት አቅርቦ የሚያስመርጥ ይሻላል። ረመዳን ላይ ሻይ ዕረፍት አድርጎ ግማሹን ልጅ ማየት፣ በዐቢይ ጾም ወተት ያለው ኬክ ማቅረብም ወሎን ያለማወቅ ነው፤ ከረመዳን ውጭ ዳቦና ለውዝ ማንንም አያስቀይምም።

ሁለቱ ከተሞች አንድ መርሐ ግብር አይሆኑላቸውም። ደሴ በክረምት ጉም ሲወርድ ከሰዓት በኋላው ቶሎ ይጨልማል፤ ከአዝዋ ገደል ሥር ወይም ከከተማው ዳር የሚመጡ ልጆች አሉና ከ10 ሰዓት በፊት መልቀቅ ግድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ስቧል፤ በኪራይ ቤት ተሰብስበው የሚኖሩ፣ በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው። የትምህርት ቤት ክበብ አይደርሳቸውም፣ የቅዳሜ ጠዋቱም ከፈረቃቸው ይጋጫል። ሁለት ተመሳሳይ ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ ጠዋት አንዱ ከሰዓት፣ ካልተዘጋጀ እነሱ ተትተዋል። የሁለቱን ከተማ ልጆች ደሴ ላይ አንድ አዳራሽ መሰብሰብ ለአዘጋጁ ይቀለዋል፤ ለልጆቹ ግን የሐረጎን ተራራ በሚኒባስ ወጥቶ መውረድ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጠመዝማዛውና ጉሙ ሳይቆጠር። ኮምቦልቻ ያለችውን ኮምቦልቻ አሠልጥኑ።

ደኅንነቱን በአጭሩ፦ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ሴቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገኙ፤ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ የፎቶ ፈቃዱ ከተሳትፎው ፈቃድ ተለይቶ ይፈረም፤ አቤቱታ ቢኖር ከአሠልጣኙ ሌላ ለማን እንደሚቀርብ ይነገራት። የልጆች ስምና ስልክ ቁጥር ያለበት የክትትል ወረቀት ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ካያችሁ ልጃችሁን አውጡ። መጸዳጃው ውስጥ ሞዴስና ውሃ መኖሩን ቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ስለ መጸዳጃ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሥልጠና የራሱ በር መቀርቀሪያ ሳይኖረው ሲቀር ልጆቹ ያስተውላሉ።

ለምዝገባ ስትሄዱ አዘጋጁን ያለፈውን ዙር ቃለ ጉባኤ አሳዩን በሉት። የፎቶ አልበም ካወጣ አመስግናችሁ ውጡ። መዝገቡን ካወጣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ስብሰባዎች ገልጣችሁ ሁለት ነገር እዩ፤ የእጅ ጽሑፉ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይለያይ እንደሆነ፣ እና በ«ፈጻሚ» ረድፍ ላይ ስም ይኑር እንደሆነ።